የት ሄደ?

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሳያባራ ባነጋበት ቀን፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችን በራችንን አንኳኳች። በአንድ እጇ ቦርሳዋን ይዛለች፤ በሌላው የሁለት ዓመት ልጇን ታቅፋለች። ሠራተኛዋ ጥላት ከሄደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሁለቱን ቀን አስፈቅዳ ቀርታለች፤ ሦስተኛውን የሚፈቅድላት አለቃ አላገኘችም። የፈለገችው ባለቤቴን ነበር፤ እሷ ደግሞ ማልዳ ሥራ ገብታለች። በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የጎረቤታችን ዓይን ግን እኔን እንደ መጋረጃ አልፎኝ፣ ሶፋው ላይ የተጋደመው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ላይ አረፈ።

«የኔ ጌታ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ማሙሽን ያዝልኝ። እሱ እንደሆነ አያስቸግርም።»

ይህችን ሴት ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጄ «አባዬ፣ አንድ ነገር በል እንጂ» በሚል ዓይን አየኝ። ምን ልበል? ሜዳው ጭቃ ነው፣ ኳስ የለም። መብራት ከነጋ ሄዷል፣ ቴሌቪዥን የለም። «ጥናት አለበት» እንዳልል ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በዚያ ላይ እሱ እምቢ ካለ ማሙሽን የምይዘው እኔ መሆኔ ታየኝ። እኔ ቤት ተቀምጬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ደግሞ ቤት ተቀምጦ መሥራትን ሥራ አይሉትም። ስለዚህ «ምን ችግር አለው፣ ይይዘዋል!» አልኩ። በልጅ ጉልበት ቸር መሆን እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ።

«እስከ ምሳ ሰዓት» የተባለው ነገር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ዘለቀ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ አገራችን ያስቀመጠችው ምክር አጭር ነው፤ ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት። ይህን ያለው ሰው መጀመሪያ ሳይወጋ አልቀረም፤ ንግግሩ የቆሰለ ሰው ንግግር ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚልም አለን። ሁለቱም ተረቶች ልጅን የሚያዩት ከአዋቂ ወንበር ላይ ሆነው ነው። ትልቅ ልጅ ከትንሽ ልጅ ጋር ሲጫወት የሚሆነውን ለማየት ወንበሩን ትቶ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል። እኔ ምንጣፉ ላይ አልተቀመጥኩም። ሶፋው ላይ ሆኜ በጋዜጣ ጠርዝ ነው ያየሁት።

ልጄ የክብሪት ቀፎ ይሰበስባል። መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ስለምንለኩስ ቀፎ አይጠፋም። ያን ዕለት ምንጣፉ ላይ ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየም ሠርቶ ነበር። ደረጃው ከእስክሪብቶ ክዳን፣ የውሃ ታንከሩ ከቆርኪ፣ አጥሩ ከጫማ ካርቶን ነው። ማሙሽ አየው። ማሙሽ «ወፌ ቆመች» ከተባለለት ገና ዓመት ቢሆነው ነው፤ የቆመ ነገር ሁሉ መውደቅ እንዳለበት ከራሱ ሕይወት ያውቃል። ሄደና በሁለት እጁ ገፋው። ሕንፃው ዕጣ ሳይወጣበት ፈረሰ።

ልጄ ጮኸ። ማሙሽ ጩኸቱ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። «ደሞ!» አለ።

ሁለተኛው ሕንፃ ጠረጴዛ ላይ ተሠራ፤ ማሙሽ የጠረጴዛውን ልብስ ጎተተው። ሦስተኛው በወንበር ታጠረ፤ ማሙሽ በወንበሩ ሥር ገባ። ከዚያ ልጄ እግሩን አጣጥፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ጋዜጣዬን አወረድኩ። አላለቀሰም። እንደገና መሥራት ጀመረ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ደረጃ የለውም፣ ታንከር የለውም፤ ቀፎ በቀፎ ላይ እየደረደረ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል። ሲጨርስ የማሙሽን ሁለት እጆች ያዘ። «ቆይ… ቆይ… አንድ… ሁለት…» ማሙሽ ትንፋሹን ውጧል። «ሦስት!» ሲል አብረው ገፉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግንባታው ለመፍረስ ሆነ። ማሙሽ የፈለገው ሕንፃ አልነበረም፤ መፍረሱን ነው። ልጄ ይህን ለማወቅ ሦስት ሕንፃ ከፍሏል፤ እኔ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከዚያ የበዛ የከፈልኩበት ጊዜ አለ። ማሙሽም በበኩሉ «ሦስት» እስኪባል መጠበቅን ለመደ። አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ አምስት ሰከንድ ማለት ለእኛ ቁጠባ ጀምሮ የቤት ዕጣ እንደ መጠበቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ሩጫ ተጀመረ። ከእኛ በር እስከ ደረጃው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ልጄ እንደ ነፋስ ሮጦ ደረሰና «አንደኛ!» አለ። ማሙሽ እየተንገዳገደ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የሰው ጫማ መርምሮ፣ ደረሰና «አንደኛ!» አለ። ልጄ አስረዳው፤ አንደኛ መጀመሪያ የደረሰው ነው፣ አንተ ሁለተኛ ነህ። ማሙሽ በጥሞና ሰማ። «እሺ» አለ። ሮጡ። «አንደኛ!» አለ ማሙሽ፣ ገና ከመሐል መንገድ።

ልጄ ክስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። እኔም ከማንበብ የማገኘው ጥቅም ቢኖር እንዲህ ባለ ሰዓት ከሶፋ ሳልነሳ መልስ መስጠት ነውና፣ ዣን ፒያዤ የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ እንደነበረ ነገርኩት። ይህ ሰው ብይ የሚጫወቱ ልጆችን እየጠየቀ፣ እሱም አብሯቸው እየተጫወተ፣ ስለ ልጆች የግብረ ገብ ፍርድ በ1932 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ትንንሾቹ አንድ ሜዳ ላይ ሆነው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያሸንፋሉ፤ ማንም አይሸነፍም። ከፍ ሲሉ ደግሞ ሕግ ማለት ከሰማይ የወረደ፣ ማንም የማይነካው ነገር ይመስላቸዋል። ሕግ በስምምነት እንደሚወጣና በስምምነት እንደሚለወጥ የሚገባቸው ቆየት ብለው፣ ወደ አሥር ዓመታቸው ሲሻገሩ ነው።

«እና ማን ነው አንደኛ?» አለኝ ልጄ። ፒያዤን ከመስማት የተረፈው ጥያቄ ይህ ነበር።

«ራሳችሁ ጨርሱት» አልኩት። ተመልሶ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኮሪደሩ ላይ አዲስ አዋጅ ሲታወጅ ሰማሁ፤ ማሙሽ ከስምንተኛው እርምጃ ይነሳል፣ ልጄ ከበሩ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይመጣል። በዚህ ሕግ ልጄ ሁለት ጊዜ ከልቡ ተሸነፈ። በሦስተኛው ሊያሸንፍ ሲል ማሙሽን ቀና ብሎ አየውና ጫማው የወለቀ አስመስሎ ቆመ። ይህን ስመለከት ለራሴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዳማ ስንጫወት እኔ ለዚህ ልጅ አንድም ቀን ጫማዬ ወልቆ አያውቅም።

ድብብቆሹ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሁለት ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚደበቅ ያላየ አንባቢ የለም። ማሙሽ ጭንቅላቱን መጋረጃ ውስጥ ከትቶ ከወገቡ በታች ያለውን ለሕዝብ ይተወዋል። እሱ ካላየን እኛም አናየውም። ልጄ መጀመሪያ ቀን «አየሁህ! ቂጥህ ወጥቷል!» ብሎ ጨዋታውን በሁለት ሰከንድ ጨረሰው፤ ማሙሽ ቂጡ መጋለጡ ሳይሆን ጨዋታው ማለቁ አስለቀሰው። በማግስቱ ልጄ በመጋረጃው ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ «የት ገባ ይሄ ልጅ? ፍሪጅ ውስጥ ይሆን? አባዬ፣ ማሙሽን አይተሃል?» ማለት ጀመረ። እኔም እንደ ደንቡ «ኧረ አላየሁም» አልኩ። መጋረጃው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ተደባቂው ራሱ «እዚህ ነኝ!» ብሎ አዳነን። አንድ ልጅ ሌላው ሰው የሚያውቀው እሱ ከሚያውቀው ሊለይ እንደሚችል የሚገባው ወደ አራት ዓመት ገደማ ነው ይባላል። የገባውን ነገር መሥራት ግን ሌላ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዓይኑ እያየ «አላየሁም» ሲል፣ ሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ እዚያ ያለውን ደስታ እየጠበቀ ነበር።

ቋንቋው ግን ብዙ አዋከበን። ማሙሽ የሚውለው እናቱና ሠራተኛዋ ሲነጋገሩ እየሰማ ስለሆነ፣ ለእሱ የሰው ልጅ ሁሉ ሴት ነው። ልጄን «ነይ!» አለው። ሦስት ሕንፃ ሲፈርስበት ያልተቆጣው ልጄ በዚህ ተቆጣ።

«እኔ ወንድ ነኝ! "ና" ነው የሚባለው።»

«እሺ» አለ ማሙሽ። «ነይ።»

ልጄ ለሰባት ዓመት ያህል ሳያስበው ሲናገረው የኖረውን ነገር ማስረዳት ነበረበት። ለወንድ «ና»፣ ለሴት «ነይ»። እሺ፣ ለሁለተኛ ፎቋ እማማስ? «ይምጡ።» ለምን? ትልቅ ስለሆኑ። ልጄ አፉን እስኪደርቀው አስተማረ። ከሰዓት በኋላ እማማ ብቅ ሲሉ ማሙሽ እጁን ዘርግቶ «ነይ!» አላቸው። ማምሻውን ግን ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን የሰፈር ድመት አጎንብሶ «ይምጡ» ሲላት ሰምቻለሁ። ትምህርቱ ገብቶታል፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው።

እያስተማረ ልጄም ተለወጠ። መጀመሪያ ማሙሽን የሚያናግረው እኔን በሚያናግርበት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «አሁን ይህን ካነሳህልኝ በኋላ ወደዚያ እንሄድና…» ማሙሽ ግማሹ ላይ ጥሎት ይሄዳል። በሳምንቱ ዓረፍተ ነገሩ አጠረ። «አንሳ። ጎበዝ። አሁን እንሂድ።» ማሪሊን ሻትዝና ሮሼል ጌልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የአራት ዓመት ልጆች እንኳ ለሁለት ዓመት ልጅ ሲናገሩ ንግግራቸውን ያሳጥራሉ፣ ያቀልላሉ፤ ለአዋቂ ሲናገሩ ያስረዝሙታል። ማንም አላስተማራቸውም። ቢሮ ውስጥ ስብሰባ የሚመሩ ሰዎችን ሁሉ ለአንድ ክረምት የሁለት ዓመት ልጅ ማስያዝ ቢቻል ስንት ሰዓት እንደሚተርፍ አስቡት።

የቋንቋ ትምህርቱ ወደ ኋላም ይሠራል። አንድ ቀን የማሙሽ ግንብ ማንም ሳይነካው ራሱ ወደቀ። ማሙሽ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ትከሻውን ሰብቆ፣ «ኤጭ! ምናይነት!» አለ። ልጄ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመ። «ኤጭ»ው የእሱ ነው፤ የትከሻው አሰባበቅ ሳይቀር። ለካ ሲያየው ነው የከረመው። ቀጥሎ ልጄ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔ ጋዜጣዬን ከፍ አደረግሁ። ማታ ነገሩ ሲነገራት ባለቤቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ምን እንዳሳቃት አልጠየቅኋትም።

«ኤጭ» ቀላሉ ነው። ልጄ ከኳስ ሜዳ ያመጣት፣ እዚህ የማልጽፋት አንዲት ቃል ነበረች። ማሙሽ እሷን ይዞ እማማ ዘንድ ደረሰ። «ማነው እንዲህ ያስተማረህ?» ሲሉት፣ መካድ ገና አልለመደምና ጣቱን ቀሰረ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ሲናደድ «በስመ አብ!» ነው የሚለው። እኔ በምክር ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ማሙሽ በአንድ ጣት ጨረሰው።

መልካም መልካሙን ብቻ ተማረ ብል ግን ማሙሽም አይምረኝ። ልጄ ማጭበርበርም ተምሯል። ብስኩት ሲቀር አንዱን እጁን ባዶ አድርጎ ያሳይና «አልቋል!» ይላል፤ ብስኩቱ ከጀርባው በሌላው እጁ ነው። ሲለመን ደግሞ አንዱን ብስኩት ለሁለት ሰብሮ «ሁለት ሰጠሁህ!» ይለዋል። ማሙሽ ሁለት አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ይህ ዘዴ ለአራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ልጄ ብስኩት ሲጠይቀው ማሙሽ ባዶ እጁን ዘርግቶ «አልቋል» አለ፤ ፍርፋሪው ከጀርባው ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ ስለ ታላቅ እህቴ ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። እኔ ጨቅላ ሳለሁ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንደ ዘመኑ ልማድ አንቀልባ ታጥቃ እኔን ያዘለችው እሷ ናት። ጓደኞቿ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እሷም አልቀረችም፤ እኔን እንዳዘለች በአንድ እግሯ ትዘላለች። ስለዚህ ሰኞ ማክሰኞን ከተጫወቱ ወንዶች አንዱ ነኝ፣ ጀርባ ላይ ሆኜም ቢሆን። እስከ ዛሬ እቤታችን ሰው ሊያኮርፍ ሲል ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት፤ ኩርፊያው ለባለቤቱ ሳይደርሰው ለእሷ ይደርሳታል። ታላቅ ወንድማችን በዚያ ዘመን የት ነበር? ኳስ ሜዳ። ዛሬም የቤተሰብ ጉዳይ ሲነሳ ኳስ ሜዳ እንዳለ ነው።

እኔ ነገሩን ተፈጥሮ ነው፣ ሴት ልጅ ስትፈጠር ለዚህ ናት እል ነበር። ካሮል ኤምበር የምትባል አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ስለ ኬንያ የሉዎ ልጆች የጻፈችውን ካነበብኩ ወዲህ ግን አፌን ይዣለሁ። ጥናቷ የወጣው ያው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያም ሕፃን መያዝና የቤት ውስጥ ሥራ የሴት ልጅ ነው፤ ዕድሜዋ የደረሰ ሴት ልጅ በሌለችበት ቤት ግን እናት ምን ታድርግ፣ ለወንዱ ትሰጠዋለች። የሴት የተባለውን ሥራ የሠሩት ወንዶች ልጆች ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ ጠበኝነታቸው ያነሰ፣ ለሌላ ሰው ማሰባቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ ልዩነት ያመጣው ደግሞ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም ዓይነቱ የደጅ ሥራ ሳይሆን፣ ሕፃን መያዝን ጨምሮ ቤት ውስጥ የሚሠራው ነው። እንግዲህ ወንድሜ አልተፈጠረለትም ማለት አይደለም፤ አልተሰጠውም።

አንድ ነገር እንዳይምታታብኝ። እኔ የማወራው ስለ ጨዋታ ነው። ገጠር ውስጥ በስድስት በሰባት ዓመቷ ሕፃን አዝላ ውላ፣ ትምህርት ቤት በሩቁ የምታይ ልጅ አለች። ያንን «ርኅራኄ ትማራለች» ብዬ ባሳምር ዋሾ ነኝ። የሁለት ሰዓት ጨዋታ ሌላ፣ የቀን ሙሉ ሸክም ሌላ።

የትልቅና የትንሽ ልጅ ጨዋታ ጥቅሙ የታያቸው ሰዎች ወደ ትምህርት ቤትም ወስደውታል። በእኛ አገር «ልጅ ለልጅ» በሚባለው ዘዴ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች አንደኛ ክፍል ለመግባት የተቃረቡ ሕፃናትን በጨዋታ ፊደልና ቁጥር ያለማምዳሉ፤ ሲወራ የምሰማው ግን ትንንሾቹ ስላተረፉት ነው። ትልልቆቹ የሚያተርፉትን ዋና ዓላማዋ ያደረገች ሜሪ ጎርደን የምትባል ካናዳዊት አለች። በ1996 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ በጀመረችው መርሐ ግብር አንድ የሰፈር ጨቅላ ከነእናቱ ወይም ከነአባቱ ዓመቱን ሙሉ በየጊዜው ክፍል ይገባል። ልጆቹ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ከበው ተቀምጠው ምን እንዳስለቀሰው፣ ምን እንዳሳቀው ይነጋገራሉ። ጨቅላው «መምህር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ይለብሳል። ማሙሽ ካናቴራ አልነበረውም። ብዙ ጊዜ ሱሪም አልነበረውም።

አሁን ወደ እንጨቱ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ልጄ ፈረስ ሆኖ ማሙሽ ሲጋልበው፣ ፈረሰኛው ከወጥ ቤት ማማሰያ አምጥቶ ነበር። ለአለንጋነት ነው የታሰበው። ፈረሱ ዞር ሲል ማማሰያው ቅንድቡ ላይ ገባ። ደም ብልጭ አለ። ልጄ ማሙሽን ከጀርባው አውርዶ እጁን አነሳ፤ ዓይኑን አየሁት፣ ሊመታው ነው። ከሶፋው ልነሳ ስል ማሙሽ ቀና ብሎ የተነሳውን እጅ አየ። ምን እንደሆነ አልገባውም፤ አገጩ ብቻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጄ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆየ። ከዚያ እጁ ወረደና ወለሉ ላይ የወደቀውን ማማሰያ መታው። «ባለጌ ማማሰያ!» አለ። ማሙሽ አገጩን አቆመ። ተንበርክኮ እሱም መታው። «ባጌ!» አለ። ሁለቱ ተባብረው ማማሰያውን ሲወቅጡት፣ የአንዱ ቅንድብ እየደማ ነበር።

እኔ ሕፃን ሲወድቅ መሬቱን እየመቱ የሚያባብሉ ሰዎችን ስተች የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጅን ጥፋቱን በሌላ ማላከክ ያስተምራል እል ነበር። የተመታው ሰው ራሱ በዳዩን ለማባበል ሲመታ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

መብራቱን አልረሳሁትም። ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው። ማሙሽ ጣቱን ወደ ጨለመው ቴሌቪዥን ቀሰረ። ልጄ እኛ ሁላችን የምንለውን አለው፤ «መብራት ሄዷል።»

«የት ሄደ?» አለ ማሙሽ።

ልጄ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ግን አባዬ፣ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። በዚህ ቤት ውስጥ በየጊዜው «መብራት ሄደ» የምለው እኔ ነኝ፤ መንገዱን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ማሙሽን ይዞ ወረደና ቆጣሪዎቹን አሳየው። እዚያ የለም። በር ላይ ያሉትን ጥበቃ ጠየቁ። «ሰፈሩ በሙሉ ሄዷል» አሏቸው። ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ አየ፤ ሰፈሩ እዚያው ነበር።

ሲመለሱ ማብራራት የእኔ ሆነ። አገራችን መብራቷን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የምታገኘው አልኩ። ግድቡ ውሃውን ያጠራቅማል፣ ውሃው ሲወርድ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ የሚመነጨው ኃይል በትልልቅ መስመር ተጉዞ፣ ሰብስቴሽን ገብቶ፣ በትራንስፎርመር ቀንሶ እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ መሐል ላይ አንዱ ከተበላሸ አይደርስም። ስለዚህ መብራቱ የትም አልሄደም፤ መምጣቱን ነው ያቆመው። ሩብ ሰዓት ሳይፈጅ አልቀረም። ልጄ አስቦበት ወደ ማሙሽ ዞረ።

«ቡዋ ደክሞታል። ተኝቷል። ሲነሳ ይመጣል።»

ማሙሽ ረካ። እኔም ከዚያ የተሻለ አልሰማሁም።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሲመጣ፣ እንደ ልማዱ ከአራቱም ፎቅ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ማሙሽ ብድግ ብሎ ሮጠ፤ በሩን ከፍቶ ማን እንደመጣ ለማየት ወደ ኮሪደሩ አንገቱን አወጣ። ልጄ አልሳቀበትም። ተከትሎት ሄዶ አብሮት አየ።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ተከፍቷል። ጎረቤታችን ሠራተኛ አግኝታለች፤ ጥሩ ልጅ ናት ይላሉ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ በራቸውን እያንኳኳ፣ ሄዳ እንደሆነ ይጠይቃል።